ምዕራፍ ሰባት፦ የዱቤ ካርድ ጥሬ ገንዘብ ሲሆን

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሣሪስ አቦ አንሥቶ በጎፋና በመካኒሳ በኩል እስከ ለቡና እስከ ጀሞ ድረስ፣ በየባንኩ ቅርንጫፍ ደጃፍ በቆመው የገንዘብ ማውጫ ማሽን ፊት ተራውን የሚጠብቀው ሰው፣ ካርዱን አስገብቶ የምሥጢር ቍጥሩን ሲነካ የሚጠይቀው የራሱን ንዋይ ነው፤ ደመወዙ የገባበትን፣ ወይም ከንግዱ ተርፎ ያስቀመጠውን ሒሳብ ከፍሎ ይወስዳል እንጂ ማንም አላበደረውም። ከእርሱ ቀጥሎ የሚቆመው፣ ለዘመን መለወጫ ወይም ለጥምቀት ከባሕር ማዶ ዘመዶቹን ሊጠይቅ የመጣው እንግዳ፣ በመልኩም በስፋቱም ከፊተኛው የማይለይ ካርድ ቢይዝም፣ ካርዱ የዱቤ ካርድ ከሆነ ግን የሚጠይቀው የባንኩን ገንዘብ ነው፤ ከማሽኑ የሚወጣለት ብር ብድር ነው፤ ወለዱም ብሩ ከእጁ ከገባበት ከዚያው ዕለት ጀምሮ ይቈጠራል። ማሽኑ ለሁለቱም እኩል ቈጥሮ ሰጥቶ እኩል ስለሚያሰናብታቸው፣ ልዩነቱ በዐይን አይታይም፤ የሚታየው ከወር በኋላ፣ አንዱ ምንም ሳይጠየቅ ሌላው የዕዳ መግለጫ ሲደርሰው ነው። ይህ ምዕራፍ የሚመረምረው ያን የማይታይ ልዩነት ነው፤ ይኸውም ለዕቃ መግዣ የተሰጠ ዱቤ ወደ ጥሬ ገንዘብ ሲለወጥ፣ ወይም ካርድ ለማይቀበል ሰው መክፈያ ሲሆን፣ ዋጋው ስለ ምን እንዲያ እንደሚንር፣ የሚንረውንም ማን እንደሚሸከም መግለጽ ነው።

በአገራችን ካርድ ማለት የራስን ተቀማጭ ማውጫ መሆኑ ከታሪኩ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ1993 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ስምንት የገንዘብ ማውጫ ማሽኖች በአዲስ አበባ ሲተክል፣ ማሽኖቹ የቆሙት በመስኮት ፊት ይሰለፍ የነበረውን አስቀማጭ ለማገልገል ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳሸን ባንክ የቪዛን ማኅበር ተቀላቅሎ የውጭ አገር ካርዶችን ማስተናገድ ሲጀምር የእንግዳው ዱቤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኛ ማሽን በብር ወጣ፤ የባንኮቻችን የጋራ ተቋም የሆነው ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን እንዲሠራ ሲያደርግም፣ የሚንቀሳቀሰው አሁንም የየደንበኛው ተቀማጭ ነበር። ይህን ስል በአገራችን ባንክ ከሒሳብ በላይ ማበደር አይታወቅም ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1956 ዓ.ም. ወደ ብሔራዊ ባንክና ወደ ንግድ ባንክ ከመከፈሉም በፊት ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ያለው ነጋዴ በውልና በመያዣ ከተቀማጩ በላይ በቼክ የሚያወጣበት ኦቨርድራፍት የሚባለው ሥርዐት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ያ መብት የባለ ሱቁና የአስመጪው እንጂ በወር ደመወዝ የሚኖረው ሕዝብ ዕድል አልነበረም። ደመወዝተኛው ሲቸግረው የሚሄደው ወደ ዘመዱ፣ ወደ ዕቁቡ፣ ወይም በስሙ ደብተር ወደ ከፈተለት የሠፈር ባለ ሱቅ ነበር።

የዱቤ ካርድን ጠባይ ለማወቅ የተወለደበትን መመልከት ይጠቅማል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950 ዳይነርስ ክለብ የተባለው ማኅበር በኒው ዮርክ ለምግብ ቤት መክፈያ የሚሆን ካርድ አወጣ፤ በ1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ በምትባል ከተማ ለሚኖሩ ሰዎች፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ 60,000 ካርድ በፖስታ ላከ፤ ዛሬ ቪዛ የሚባለው፣ ስሙንም በ1976 የያዘው፣ ከዚያ የበቀለ ነው። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት ወገኖች አሉ፦ ገዥ፣ ሻጭና ባንክ። ገዥው ካርዱን አሳይቶ ዕቃውን ይወስዳል፤ ባንኩ ለሻጩ ይከፍላል፤ ነገር ግን መቶ ዶላር ለተሸጠ ዕቃ ሻጩ ሙሉውን መቶ አያገኝም፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዶላር ይቀነስበታል፤ ያም ለባንኮችና ለካርዱ ማኅበር ይከፋፈላል። ሻጩ ይህን ወድዶ የሚከፍለው ጥሬ ገንዘብ ያልያዘ ገዥ ስለሚመጣለት፣ ዱቤ ሰጥቶ ከመለመን ስለሚድን፣ የዕዳውንም ሥጋት ባንኩ ስለሚሸከምለት ነው። ስለዚህ የወሩ መግለጫ ሲመጣ ሙሉውን ዕዳ በቀኑ የሚከፍል ገዥ፣ ለሦስትና ለአራት ሳምንት በሰው ገንዘብ ሲገለገል ቆይቶ አንዲት ሳንቲም ወለድ አይጠየቅም፤ ነጻ ሆኖለት ሳይሆን ዋጋውን አስቀድሞ ሻጩ ከፍሎለት ነው።

አሁን ከሦስቱ ወገኖች ሻጩን እናውጣው። ካርዱን የያዘው ሰው ዕቃ አልፈለገም፤ የፈለገው ጥሬ ገንዘብ ነው። ሁለትና ሦስቱን ዶላር የሚከፍል ሦስተኛ ወገን የለም፤ ባንኩና ተበዳሪው ብቻ ፊት ለፊት ቀርተዋል፤ ስለዚህ ሻጩ ይሸከመው የነበረው ዋጋ በሙሉ ወደ ተበዳሪው ይዞራል። በዚህ ላይ አበዳሪው የሚፈራው ሌላ ነገር አለ። ጫማና መድኀኒት በካርድ የሚገዛ ሰው ባለጸጋም ድኻም ሊሆን ይችላል፤ በዱቤ ካርድ ጥሬ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላው በር ሁሉ የተዘጋበት መሆኑን ባንኮች ከልምድ ያውቃሉ፤ ስለዚህም የችግሩን ምልክት አይተው ዋጋውን ከፍ ያደርጋሉ። ለተቸገረ ሰው ገንዘብ የሚወደደው በመቸገሩ ምክንያት መሆኑ ልብን የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ሆኖም የዚህ ሥርዐት ውስጠ ምሥጢር ይኸው ስለ ሆነ ሳይሸፈን መነገር አለበት።

ዋጋው የሚንረው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፣ በወጣው ገንዘብ ላይ ወዲያው የሚታሰብ ኮሚሽን አለ፤ በአሜሪካ ባንኮች ብዙውን ጊዜ ከመቶ አምስት ያህል ነው። ቀጥሎ፣ በዕቃ ግዢ የነበረው የምሕረት ጊዜ ይቀርና ወለዱ ከዕለቱ ይጀምራል፤ የወለዱም ልክ ከዕቃው ዱቤ ይበልጣል፤ በዓመት ወደ 30 በመቶ የሚጠጋበት ጊዜ አለ። ደግሞም የብድሩ ጣሪያ አምስት ሺሕ ዶላር የሆነለት ሰው ሁሉንም በጥሬ ማውጣት አይችልም፤ ለጥሬ ገንዘብ የተወሰነለት ክፍል ከጠቅላላው በብዙ ያነሰ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በአዲስ አበባ ዘመዱን ለማሳከም 1,000 ዶላር የሚያህል ብር በዱቤ ካርዱ አወጣ እንበል። ኮሚሽኑ 50 ዶላር ነው፤ በዓመት 30 በመቶ ሲታሰብ የአንድ ወር ወለድ 25 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ካርዱ ከአገሩ ውጭ ስለ ሠራ ብዙ ባንኮች የሚጨምሩት ከመቶ ሦስት ደግሞ 30 ዶላር ነው፤ ድምሩ 105 ዶላር ይደርሳል፤ የማሽኑ ባለቤት የሆነው ባንክ የሚጠይቀው ክፍያ ገና አልተደመረም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የሆነ እንደ ሆነማ፣ ማሽኑ የሚሰጠው በባንክ ምንዛሬ በዶላር 57 ብር ገደማ ስለ ነበረና በጥቁሩ ገበያ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይሰጥ ስለ ነበር፣ እንግዳው ከወለዱም ከኮሚሽኑም ይልቅ በምንዛሬው ይጐዳ ነበር፤ በዚያ ዕለት ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው የንግድ ባንኩ ዋጋ በአንድ ጀንበር ወደ 74 ብር ከፍ አለ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ግን በማሽኑ ፊት አይደለም፤ ገንዘብ በሚልኩበት ጊዜ ነው። ለጀሞ ወይም ለሣሪስ ቤተሰቡ በስልኩ ወይም በገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት በኩል የሚልክ ሰው፣ ድርጅቱ የባንክ ሒሳብም፣ ዴቢት ካርድም፣ የዱቤ ካርድም እቀበላለሁ ሲለው፣ ሦስቱ እኩል መስለውት ለነገ የሚሻለውን የዱቤ ካርዱን ይመርጣል፤ ላኪው ድርጅት ያስከፈለውን አይቶ ያ ብቻ መስሎት ይረካል። ካርዱን የሰጠው ባንክ ግን ገንዘብ ማስተላለፍን፣ የውጭ ምንዛሬ መግዛትን፣ የሎተሪና የቁማር ክፍያን እንደ ዕቃ ግዢ ሳይሆን እንደ ጥሬ ገንዘብ የሚቈጥርበት ልማድ አለው፤ በየክፍያው ላይ ተቀባዩ በምን ሥራ ላይ እንዳለ የሚገልጽ የምድብ ቍጥር ተያይዞ ስለሚመጣ፣ ባንኩ ያን ቍጥር አይቶ ክፍያውን ወደ ውዱ መዝገብ ያገባዋል። ስለዚህ የፋሲካን በግ መግዣ 200 ዶላር የላከው ልጅ፣ ላኪው ድርጅት ከወሰደበት ሌላ፣ ከባንኩ ኮሚሽንና ከዕለቱ የሚጀምር ወለድ ይጠብቀዋል። ከተቀማጩ በዴቢት ካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ ሒሳቡ ቢልከው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልነካው ነበር። ይህን ልዩነት ለልጆቻቸው ደውለው እንዲነግሩ ለእናቶችና ለአባቶች መምከር የምወደው፣ ብዙ ልጆች በዝምታ ተሸክመው እንደሚኖሩት ስለማምን ነው።

ከጥሬ ገንዘቡ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ካርድ ለማይቀበል ሰው በካርድ መክፈል ነው። የቤት ባለቤት፣ ሞግዚት፣ አናጢ፣ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር፣ እነዚህ የካርድ ማንበቢያ የላቸውም። በአሜሪካ ለዚህ ሁለት መንገድ ተበጅቷል። አንደኛው፣ የካርዱ ባንክ ለደንበኛው የሚልክለት ቼክ ነው፤ ቼኩ ለማንም ይጻፋል፣ ተቀባዩም እንደ ማንኛውም ቼክ ይመነዝረዋል፤ ጻፊው ግን የጻፈው የብድር ወረቀት ነው፤ በልዩ ማባበያ ወለዱ ለጥቂት ወራት ካልቀረለት በቀር እንደ ጥሬ ገንዘብ ይታሰብበታል። ሁለተኛው፣ በመካከል የሚገባ ድርጅት ነው፤ ከተከራዩ በካርድ ይቀበልና ለአከራዩ ቼክ ይልካል ወይም ወደ ባንክ ሒሳቡ ያስገባል፤ ለድካሙም ከመቶ ሦስት ያህል ይወስዳል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ድርጅቱ ራሱ በሻጭ ቦታ ስለሚቆም፣ ባንኩ ነገሩን እንደ ዕቃ ግዢ ሊቈጥረው ይችላል፤ የምሕረቱም ጊዜ ላይቀር ይችላል። እኔ ከሁለቱ ይህን እመርጣለሁ፤ ዋጋው አስቀድሞ ተቈርጦ በአንድ ቍጥር ስለሚነገር፣ ከፋዩ በወሩ መጨረሻ ከከፈለም ሌላ የሚከተለው ዕዳ ስለማይኖር ነው። አንድ የሕግ ጥበቃም መጠቀስ ይገባዋል፦ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የወጣው የአሜሪካ የካርድ ሕግ፣ ደንበኛው ከዝቅተኛው ወርኃዊ ክፍያ አሳልፎ የከፈለው ሁሉ ወለዱ ወደ ከበደው ዕዳ እንዲሄድ አዝዟል፤ ከዚያ በፊት ባንኮች ቀላሉን ዕዳ አስቀድመው እያወራረዱ ከባዱን ሲያቈዩት ይኖሩ ነበር።

ጥሬ ገንዘብን በካርድ ማበደር ወደ መላው አገር ሲሰፋ ምን እንደሚያስከትል ያየች አገር ደቡብ ኮሪያ ናት። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ በኋላ መንግሥቷ ንግድን ለማነቃቃትና ግብር የሚሰወርበትን ጥሬ ግብይት ለማጥበብ ካርድ እንዲስፋፋ አበረታታ፤ በ1999 በካርድ የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ወርኃዊ ጣሪያው ተነሣ። ካርዱ የታሰበው ለገበያ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከዕቃ ግዢ ይልቅ ለጥሬ ገንዘብ ማውጫ ይጠቀምበት ጀመር፤ የአንዱን ካርድ ዕዳ በሌላው ካርድ በወጣ ጥሬ ገንዘብ መክፈል ልማድ ሆነ፤ ያልተሸጠ ዕቃ እንደ ተሸጠ አድርገው ካርድ እየጫኑ ትርፋቸውን ቀንሰው ጥሬ ገንዘብ የሚሰጡ ባለ ሱቆችም በዙ። በ2003 ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሆኖ ተመዘገበ፤ ከካርድ ኩባንያዎቹ ታላቁ የነበረው ኤልጂ ካርድም ከመውደቅ የዳነው አበዳሪዎቹ ተሰብስበው በደገፉት ነው።

የሐሰት ሽያጭ ሽፋን ያደረገ ብድር ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ዕቃ በዱቤ በውድ ወስዶ በዚያው ቀን በርካሽ ሸጦ ጥሬውን መያዝ፣ በገበያችን ለጭንቅ ቀን የታወቀ መላ ነው፤ ልዩነቱም ወለድ ነው፣ ስሙ ግን አይነገርም። አበው አራጣን አጥብቀው ያወገዙት ይህን መሰሉን ሁሉ አይተው ነው፤ በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ካህን በአራጣ ቢያበድር ከክህነቱ እንዲሻር ወሰኑ፤ ኦሪቱም መዝሙሩም ድኻን በወለድ ማስጨነቅን ከልክለዋል። የመንግሥቱም ሕግ ከዚህ መንፈስ አልራቀም፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል፤ የ1996ቱም የወንጀል ሕግ የተቸገረን ሰው ችግሩን ተመርኵዞ በአራጣ የሚበዘብዘውን ይቀጣል። ባንኮች የሚተዳደሩት ብሔራዊ ባንክ በሚያወጣው ሌላ ሥርዐት ስለ ሆነ ይህ የ12 በመቶ ልክ በቀጥታ አይመለከታቸውም፤ ሆኖም ለሚዛን ያህል በኅሊና ቢያዝ መልካም ነው።

ወደ ክፍለ ከተማችን እንመለስና፣ የዱቤ ካርድ ሳይስፋፋ የካርዱን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር በእጃችን እንደ ገባ እናያለን። በስልክ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላ የተባለውን አነስተኛ ብድርና፣ ክፍያ ሲጀመር ሒሳብ ቢጐድል የጐደለውን የሚሞላውን እንደኪሴን አመጣ። ይህ ሁለተኛው፣ ነጋዴው በቼክ ያገኘው የነበረው የጥንቱ ኦቨርድራፍት ያለ መያዣ ወደ ሕዝቡ ስልክ መውረዱ ነው፤ እኔም እንደ ታላቅ ነገር እቈጥረዋለሁ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ሲቀር፣ ሣሪስ ማደያ የቆመ ባለ ታክሲ የጐደለችውን ጥቂት ብር በስልኩ ተበድሮ ሥራውን መቀጠሉ፣ ቀኑን ሙሉ ከመቆም ያድነዋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320/2016 ደግሞ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳያልፍ ደንግጓል፤ ስለዚህ የጀሞ ኮንዶሚንየም ተከራይ ኪራዩን የሚከፍልበትና በስልኩ የሚበደርበት መንገድ ጎን ለጎን መጥተዋል፤ አሜሪካዊው በመካከል ድርጅት አስገብቶ የሚያደርገውን እርሱ በአንድ ስልክ ለማድረግ ተቃርቧል።

ማሽን የሰጠው ሁሉ የራስ አለመሆኑንም ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የሆነው ነገር በግልጥ አሳይቶናል። በዚያች ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዐት ተናግቶ የሌላቸውን ገንዘብ ለጠየቁት ሁሉ ሰጠ፤ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጣቶች በማሽኑ ፊት ተሰለፉ፤ ባንኩ ራሱ እንደ ገለጸው ያለ አግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር፤ አብዛኛውም በኋላ ተመለሰ። በዚያች ሌሊት ለብዙ ሺሕ ሰው ያለ ውልና ያለ ስሌት ብድር ተሰጠው ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ተበዳሪ መሆናቸውን የተረዱት መልሱ ሲባሉ ነው።

በስልክ የሚሰጠው አነስተኛ ብድር ዋጋው እንደ ወትሮው የባንክ ብድር በዓመት መቶኛ ሳይሆን በአገልግሎት ክፍያና በቀን ስሌት ሲነገር፣ ቍጥሩ ለዐይን ትንሽ ይመስላል። የማንንም ድርጅት ዋጋ ሳልጠቅስ ለሐተታው ብቻ ያህል፣ ክፍያው በቀን ከመቶ ግማሽ ነው እንበል። ይህ በዓመት ሲባዛ ከ182 በመቶ በላይ ነው። በሃይሌ ጋርመንት የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ቲማቲም የምታከፋፍል ሴት ማለዳ 15,000 ብር ተበድራ፣ ጭነቱን አራግፋ፣ በማግሥቱ ሸጣ ብትመልስ፣ ለሁለት ቀን 150 ብር ትከፍላለች፤ ይህም የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በዚያው ገንዘብ ላይ ለአንድ ወር ሙሉ ከሚፈቅደው ወለድ ጋር እኩል ነው። ውድ ነው፤ ቢሆንም ቲማቲሙ ከ150 ብር የሚበልጥ ካተረፈላት ብድሩ ጠቅሟታል፤ በሁለት ቀን ዞሮ የሚመለስ ገንዘብ የቀን ዋጋ ይችላል። የጀሞው ተከራይ ግን ያንኑ 15,000 ብር ለኪራይ ተበድሮ እስከ ደመወዙ ሠላሳ ቀን ቢያቈየው፣ ኪራዩ ምንም አይወልድለትም፣ ክፍያው ግን በየቀኑ 75 ብር እየጨመረ ይሄዳል፤ ወሩም ሲያልቅ የሚቀጥለው ወር ኪራይ 15,000 ብርና የተበደረው ዕዳ 17,250 ብር ሆነው ሁለቱም በአንድ ደመወዝ ላይ ይወድቃሉ።